በመጀመሪያው ምት ለሚከሽፍ ጥይት የእጅ ፕራይመር መትከያ መፍትሔ ይሆናል?

ፕራይመር ማለት ቀለሃው ቂጥ ላይ የምትተከል፣ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ ቆብ ናት። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ኮሎራዶ ይኖራል። ለአጋዘን አደን ለሚይዘው 6.5 ክሪድሙር ጠመንጃ ጥይት ራሱ መሙላት ከጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነው። "ከአስር ሁለት ሦስቱ በመጀመሪያው ምት ይከሽፉብኛል" ይላል። "ወዲያው ቦልቱን አንስቼ (የጠመንጃውን መዝጊያ ማለቴ ነው) ደግሜ ቃታ ስስብ ግን ይተኮሳሉ። ፕራይመሮቹ የተበላሹ መሰለኝ። እስካሁን የምተክለው ጥይት በምሞላበት የጠረጴዛ ማሽን፣ በፕሬሱ ክንድ ነው። ከቀለሃው ቂጥ ጋር እኩል ሲሆን አቆማለሁ፣ ከዚያ በላይ ብጫነው ይፈነዳል ብለውኛል። አንድ ጓደኛዬ የእጅ መትከያ ግዛ አለኝ። የትኛውን ልግዛ? ወደፊት ራሱ ለሚጎርሰው ጠመንጃ፣ ለኤአር 15 የሚሆን .223 ጥይት መሙላትም አስባለሁ።"

"እኩል ሲሆን አቆማለሁ" ያልካት ናት ጉዱ።

ፕራይመሮችህ አልተበላሹም። የሞተ ፕራይመር በመጀመሪያው ምት ዝም ካለ በሁለተኛውም ብዙውን ጊዜ ዝም ነው። አንዴ ከሽፎ ሲደገም የሚተኮስ ጥይት የሚነግርህ ሌላ ነገር ነው፤ ፕራይመሯ የምትተከልበትን የቀለሃ ጉድጓድ ወለል አልረገጠችም። የጠመንጃው መርፌ መጀመሪያ ሲመታት ጉልበቱን የጨረሰው እሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ነው። አንተ ጀምረህ የተውከውን ሥራ እሱ ጨረሰልህ። ሁለተኛው ምት ሲመጣ የምትሸሽበት ቦታ የላትም፣ ትቀጣጠላለች።

ፕራይመር ማለት ስስ የብረት ቆብ፣ በውስጧ ስትመታ የምትነድ ጥቂት ኬሚካል፣ ከኬሚካሉ ላይ ደግሞ እግር ያላት አንዲት ትንሽ ብረት ናት። አንጥረኛ ቤት ገብተህ ታውቃለህ? መርፌው መዶሻ ነው፣ ያቺ ትንሽ ብረት መስፍ ናት። ኬሚካሉ በሁለቱ መሀል ሲቀጠቀጥ ነው እሳት የሚወጣው። መስፉ መሬት ካልያዘ ግን መዶሻው ቢወርድ ምን ዋጋ አለው? የመስፏ እግሮች ከቆቡ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ያሉት ለዚህ ነው። ስትተከል እግሮቿ የጉድጓዱን ወለል ረግጠው፣ መስፏ ወደ ኬሚካሉ በጥቂቱ መጠጋት አለባት። በደንብ የተተከለ ፕራይመር ትንሽ ተጨንቆ የተቀመጠ ነው።

ስለዚህ "እኩል" አይበቃም። ከቀለሃው ቂጥ ዝቅ ማለት አለበት፤ የተለመደው መጠን ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች ነው፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት ብለህ ያዘው። ለመለካት የግድ መሣሪያ አያስፈልግህም። ጣትህን ከቀለሃው ጠርዝ ወደ መሀል ጎትት፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቁልቁለት ሊሰማህ ይገባል። ጉብታ ከተሰማህ ያ ጥይት ጠላትህ ነው። ለስላሳ ሆኖ ከተሰማህም ገና ነው። ካላመንክ ቀለሃውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁመው። ከተንገዳገደ ፕራይመሩ ከፍ ብሏል ማለት ነው። እኔ እስከ ዛሬ እያንዳንዱን በጣቴ ነው የማየው፣ አንድም አላልፍም።

"ጠንክሬ ብጫነው ይፈነዳል" የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ፕራይመር የሚፈራው ዱላን ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣ ግፊትን ከምታስበው በላይ ይችላል። ድንገት ከመታኸው፣ በመዶሻ ከነካኸው፣ ወይም ሳይገባ ሲቀር በንዴት እጀታውን ቷ ካደረግከው ያን ጊዜ ይፈነዳል። በዝግታና በእኩል ጉልበት ከገፋኸው፣ እግሮቹ ወለሉን ከረገጡ በኋላ ያቺን ትንሽ ጭመቅ ብትጨምር ምንም አይልህም። ይህን ስል ግን መነጽር አድርገህ ማለቴ ነው። ያለ መከላከያ መነጽር ፕራይመር የሚተክል ሰው አላናግርም።

ሌላም ያልወደድኩት ነገር ጽፈሃል፣ "ወዲያው ቦልቱን አንስቼ" ያልከው። አታድርገው። የከሸፈ የመሰለ ጥይት አንዳንዴ ዘግይቶ ይነሳል። ከከሸፈብህ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቁጠር፣ ከዚያ ክፈት። ቦልቱ ክፍት ሆኖ ባሩዱ ቢነሳ ፊትህ የት እንዳለ አስበው።

አሁን ወደ መሣሪያው። የፕሬስ ክንድ ፕራይመር መትከል ያቅተዋል አላልኩም፣ ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሱ ይሠራል። ችግሩ ክንዱ ረጅም መሆኑ ነው። የተሠራው ቀለሃ ለመጭመቅ ነው፣ ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ስሜቱ ግን ትንሽ ነው። ፕራይመሯ ወለሉን ስትረግጥ የሚመጣውን ያን ስስ ስሜት ክንዱ ይውጠዋል። አንድ ዓመት የሠራ ሰው ደግሞ ፈርቶ ቀድሞ ያቆማል፣ ልክ እንዳንተ። የእጅ መትከያ ጥቅሙ ይህ ነው፤ አውራ ጣትህ ወይም መዳፍህ ፕራይመሯን በቀጥታ "ያያታል"። ሌላው ጥቅም ሶፋ ላይ ቁጭ ብለህ መሥራትህ ነው። ግን የእጅ መትከያ ገዝተህ አሁንም "እኩል" ላይ ካቆምክ ጥይትህ አሁንም ይከሽፋል፤ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ይህ ይግባህ።

ከግዢው በፊት ሌሎች ሦስት ነገሮችንም እይ። አንደኛ፣ ጉድጓዱ ንጹሕ ነው? የተተኮሰ ቀለሃ ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ጥላሸት ይደርቃል። ከተከመረ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ፕራይመሯም ቆሻሻ ላይ ትቆማለች። በትንሽ መፋቂያ ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞር ይበቃል። ሁለተኛ፣ ቀለሃውን በፕሬስ ጨምቀህ ስታስተካክል ትከሻውን፣ ከአንገቱ ሥር የሚሰፋውን ቦታ፣ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ገፍተኸው ይሆናል። ለቦልት ጠመንጃ፣ እንዳንተው ቦልቱ በእጅ ለሚከፈተው፣ 0.001 ወይም 0.002 ኢንች መግፋት ይበቃል። ብዙ ከገፋኸው ጥይቱ በጠመንጃው መጉረሻ ክፍል ውስጥ ይላላል፣ መርፌው ሲመታው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ምቱም ይደክማል። ሦስተኛው የኮሎራዶ ነገር ነው። ኅዳር ላይ ተራራ ስትወጣ ቦልቱ ውስጥ ያለው ግሪስ ይረጋል፣ መርፌውም ይዘገያል። ቦልቱን ፈታተህ አጽዳ፣ ደረቅ አድርገው ወይም ለብርድ የሚሆን ስስ ዘይት ጠብ አድርግበት። የፋብሪካ ጥይትም የሚከሽፍብህ ከሆነ ፕራይመርህን ተወው፣ ጥፋቱ እዚህ ነው።

እሺ፣ ሱቅ ገባህ እንበል። የእጅ መትከያዎች ብዙ ይመስላሉ እንጂ የሚለያዩት በሁለት ነገር ነው፤ ቀለሃውን በምን ይይዙታል፣ ፕራይመሩን ከየት ያመጣሉ።

ቀለሃው የሚያዘው በሼል ሆልደር ነው፣ ቂጡን ቆንጥጦ በሚይዘው ትንሽ ብረት። የአርሲቢኤስ እና የሆርናዲ የእጅ መትከያዎች ፕሬስህ ላይ ያለውን ሼል ሆልደር ይቀበላሉ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሊ መትከያ ግን የራሱን ልዩ ሼል ሆልደር ይፈልጋል፣ የፕሬሱ አይገባለትም። ብዙ ሰው ርካሽ ነው ብሎ ሊ ይገዛና ቤት ሲደርስ ነው የሚነቃው። ቁጥሩም ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ለ6.5 ክሪድሙር፣ ለ.308 እና ለ.30-06 የአርሲቢኤስ 3 ቁጥር ነው፣ የሆርናዲ 1 ነው፣ የሊ የፕሬስ 2 ነው። ለ.223 አርሲቢኤስ 10፣ ሆርናዲ 16፣ ሊ 4 ነው። ይህን ስልክህ ላይ ጻፈውና ሱቅ ሂድ። አርሲቢኤስ ያለ ሼል ሆልደር የሚሠራ "ዩኒቨርሳል" የሚባልም አለው። በስፕሪንግ የሚከፈት መንጋጋ አለው፣ ከ.223 ወደ .308 ሳትቀይር ትሻገራለህ። ምቹ ነው። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም፤ መንጋጋው ቀለሃውን የሚይዘው እንደ ሼል ሆልደር ጥብቅ አድርጎ አይደለም፣ ትንሽ ከተጋደለ ፕራይመሯም ተጋድማ ትገባለች።

ፕራይመሩ ደግሞ ከትሪ ይመጣል ወይም አንድ አንድ በእጅ ይገባል። ትሪ ያለው ፈጣን ነው። ትሪው ላይ መቶ ፕራይመር አለ ማለት ግን አንዷ ብትፈነዳ የቀሩትን ልትጠራ ትችላለች ማለት ነው። ለዚህ ነው በምትተከለው ፕራይመርና በትሪው መካከል መዝጊያ ያለው መሣሪያ የምፈልገው። የአርሲቢኤስ ትሪ ይህ በር አለው። የፌደራል ፕራይመር ከሌሎች ይልቅ ቶሎ የሚነሳ ነው፤ ሊ ለድሮዎቹ የእጅ መትከያዎቹ ፌደራል አትጠቀሙ ብሎ ያስጠነቀቀውም በዚህ ነው። ፌደራል ፕራይመር ገዝተህ ታውቃለህ? ሳጥኑ ትልቅ ነው፣ ውስጡ ግን ያው መቶ ፍሬ ነው፣ በየክፍሏ ተራርቃ የተቀመጠች። በከንቱ አይደለም። ስለዚህ የመትከያህን መመሪያ አንብብና የሚከለክለው የፕራይመር ዓይነት ካለ እሺ በል።

ከፍ ያለ በጀት ላለው ጥልቀቱ የሚስተካከል አለ። የፍራንክፈርድ አርሰናል የእጅ መትከያ ጥልቀቱን በክሊክ ታስተካክልለታለህ፣ ሼል ሆልደሮቹም አብረው ይመጣሉ። ደስ ይላል፣ በተለይ ቀለሃዎቹ ሁሉ ከአንድ ኩባንያ ከሆኑ። የተለያዩ ቀለሃዎች ከቀላቀልክ ግን የጉድጓዶቹ ጥልቀት ስለሚለያይ "አስተካክዬዋለሁ" ብለህ ስትተማመን አንዳንዶቹ ከፍ ብለው ይቀራሉ። ክሊኩ ጣትህን አይተካም። እንደ ኬ ኤንድ ኤም ያሉት አንድ በአንድ የሚተክሉት ሩቅ ተኳሾች የሚወዷቸው ናቸው፣ ስሜታቸው ድንቅ ነው፣ ግን ዘገምተኛ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰሩ ከ600 ዶላር በላይ የሚያወጡም አሉ። አጋዘን ለመምታት አያስፈልጉህም። አጋዘኑ ፕራይመርህ በ0.001 ልዩነት መተከሏን አይጠይቅም።

ክንድህ ወይም መዳፍህ የሚያምህ ከሆነ፣ ሪህ ያለበት ሰው ከሆንክ፣ የእጅ መትከያን እርሳው። ሃምሳ ቀለሃ ከተከልክ በኋላ አውራ ጣትህ ይጮሃል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር አጭር ክንድ ያለው መትከያ ይሻላል፣ ስሜቱም ከፕሬስ ክንድ ይበልጣል።

እንዴት ትሠራለህ? እጅህን ታጥበህ ታደርቃለህ፤ ቀለሃ ያስተካከልክበት ዘይት ጣትህ ላይ ካለ ወደ ፕራይመሩ ይሄዳል። ትሪው ላይ የምትተክለውን ያህል ብቻ ታፈሳለህ፣ ሃምሳ ከሆነ ሃምሳ። ትሪው ላይ መስመር መስመር ሸንተረር አለ። ጠረጴዛው ላይ አድርገህ በቀስታ ታንቀጠቅጠዋለህ፣ ልክ ስንዴ በሰፌድ እንደሚነፋ። ፕራይመሮቹ ራሳቸው ይገለበጣሉ። ሁሉም መስፉን ወደ ላይ፣ የሚያብረቀርቀውን ጀርባ ወደ ታች ማድረግ አለበት። አንዷ ተገልብጣ ከቀረች በጣትህ አዙራት። ክዳኑን ግጠም። ቀለሃውን ሼል ሆልደሩ ውስጥ አስገባ፣ እስከ መጨረሻው ገፍተህ። መትከያውን ከፊትህ አርቀህ፣ ወደ ሰውም ወደ ሆድህም ሳታዞር ያዝ። አሁን እጀታውን በዝግታ ጨብጥ። በመጀመሪያ ትንሽ ይያዛል፣ ፕራይመሯ የጉድጓዱን አፍ እያለፈች ነው። ከዚያ እኩል የሆነ መጎተት ይመጣል። ከዚያ ድንገት ይጠነክራል፣ እግሮቿ ወለሉን ረገጡ። አንተ እስከ ዛሬ ያቆምከው እዚህ ነው ወይም ከዚህም በፊት። እዚህ ላይ ያቺን ትንሽ ጭመቅ ጨምር፣ እንደ ደረቅ ሎሚ መጨረሻ ጠብታ። ከዚያ ቀለሃውን ግማሽ ዙር አዙረህ አንዴ ደግመህ ጨብጥ፣ ተጋድማ ከነበረ ትስተካከላለች። በጣትህ እይ። ወደ ሳጥኑ። ቀጥል።

ከሃያ ሠላሳ ቀለሃ በኋላ እጅህ ቋንቋውን ይለምዳል። እንግዲህ የሚነግርህን ስማው። ያለ ምንም መያዝ ሸርተት ብላ ከገባች ጉድጓዱ ሰፍቷል ማለት ነው፣ ያ ቀለሃ ብዙ ጊዜ በከፍተኛ ግፊት ተተኩሷል፣ ጣለው። ጭራሽ አልገባ ካለች ደግሞ አቁም። አትታገል። ይህ በብዛት የሚመጣው ከወታደራዊ ቀለሃ ነው፣ ሚዙሪ ኢንዲፔንደንስ ያለው የሌክ ሲቲ ፋብሪካ ቀለሃ ቂጡ ላይ ኤልሲ የሚል ያለበት። ፕራይመሩ በማሽን ጠርዙ ተጨፍልቆ የታሰረ ስለሆነ የታሰረበት ጠርዝ መጀመሪያ በመፋቂያ ወይም በማስፊያ መነሳት አለበት። ለኤአር .223 ስትሰበስብ ይህ ያጋጥምሃል፣ ዛሬውኑ እወቀው።

እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመቴ ያደረግኩትን ልንገርህ። እንዲህ የታሰረ ቀለሃ ውስጥ ፕራይመር እየገፋሁ ነበር፣ አልገባ አለኝ፣ ማታ ነበር፣ ደክሞኛል። ጨበጥኩት። ቀጭ አለ። ሳወጣው ፕራይመሯ በጎኗ ገብታ እንደ ለስላሳ ቆርኪ ተጣጥፋ ነበር። አልፈነዳችም። ጎበዝ ስለሆንኩ አልነበረም፣ ዕድል ነው። በዚያው መከር አንድ ጠዋት ደግሞ ሚዩል ዲር የሚባለው ባለ ትልቅ ጆሮ አጋዘን 150 ሜትር ላይ በጎኑ ቆሞልኝ፣ ቃታ ሳብኩ፣ ጠቅ። ጆሮውን ወደኔ አዞረ፣ አየኝ፣ ተራመደ። አልሮጠም እንኳ። ቤት ስገባ የቀሩትን ጥይቶች መስታወት ላይ አቆምኳቸው፣ ግማሾቹ ተንገዳገዱ።

6.5 ክሪድሙር ስላልክ አንድ ወጥመድ አለበት። የሆርናዲ ቀለሃ ትልቁን የራይፍል ፕራይመር ይወስዳል፣ 0.210 ኢንች የሆነውን። ላፑዋ ግን በትንሹ፣ በ0.175 ኢንች የሚሠራ የክሪድሙር ቀለሃ አለው፣ የእሳት ማለፊያ ቀዳዳውም ጠባብ ስለሆነ ተራው የፕራይመር ማውጫ መርፌ ሊታጠፍበት ይችላል። ሜዳ ላይ ቀለሃ ለቅመህ ከቀላቀልክ ሁለቱን ለይ። በመትከያህም ላይ መግፊያውን ዘንግ ከትንሽ ወደ ትልቅ መቀየር አትርሳ። ደግሞ የትልቅ ሽጉጥ ፕራይመርና የትልቅ ራይፍል ፕራይመር ወርዳቸው አንድ ነው፣ ቁመታቸው ግን ይለያያል። የሽጉጡ አጭር ነው፣ ቆቡም ስስ ነው። ጠመንጃ ላይ አይገባም። ፕራይመር ጠፍቶ በነበረበት በኮሮና ዓመታት ይህን ሊሞክሩ የሚጠይቁኝ ሰዎች ነበሩ፣ መልሴ ያኔም አይሆንም ነበር።

ስለ ኤአር። ቦልት ጠመንጃህ ላይ ከፍ ያለ ፕራይመር ብዙውን ጊዜ ይከሽፍብሃል፣ ያናድድሃል። በኤአር 15፣ በኤም 1 ጋራንድ ወይም በኤም 1ኤ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። መርፌያቸው በስፕሪንግ አይያዝም፣ ልቅ ነው። ቦልቱ ሲዘጋ መርፌው በራሱ ክብደት ወደ ፊት ይሄድና ፕራይመሯን ነካ ያደርጋታል። ያልተኮስከውን የኤአር ጥይት አውጥተህ እየው፣ ቂጡ ላይ ትንሽ ነጥብ ታገኛለህ። ፕራይመሯ ከፍ ካለች ደግሞ የቦልቱ ፊት ራሱ ሊመታት ይችላል፣ ቦልቱ ሳይቆለፍ ይተኮሳል፣ ቃታ ሳትነካ። ለዚህ ነው ለነዚህ ጠመንጃዎች እንደ ወታደራዊ ደረጃ የተሠሩ፣ ለመነሳት ትንሽ የሚከብዱ ፕራይመሮች ያሉት። ሲሲአይ 41 ለ5.56፣ ሲሲአይ 34 ለ7.62 ናቶ። ለኤአር ስትሞላ ቦልት ጠመንጃ ላይ የለመድከውን ቸልታ አትውሰድ።

ቤት ውስጥ ስለ መሥራት ጥቂት ልበል። ቡና እየተፈላ ባለበት ክፍል አትሥራ። ከሰል፣ ዕጣን፣ ሲጋራ፣ ምንም የሚጋል ነገር አጠገብ አይኑር። ጎረቤት ለቡና ከመጣ ትሪውን ባዶ አድርገህ ሳጥኑን ዘግተህ ተነሳ። ፕራይመር በመጣበት ካርቶን ይቀመጥ። በጣሳ ወይም በብርጭቆ ማሰሮ ማጠራቀም ቦምብ መሥራት ነው፣ ማጋነን አይደለም፤ ተፋፍገው ሲቀመጡ አንዷ ሁሉንም ታስነሳለች። በአሜሪካ የእሳት አደጋ መከላከያ ደረጃ፣ ኤንኤፍፒኤ 495፣ ለመኖሪያ ቤት ያስቀመጠው ጣሪያ 10,000 ፍሬ ነው፣ ከዚያ በታች የሚወስኑ አካባቢዎችም አሉ። የአብዛኛው ፕራይመር ኬሚካል እርሳስ አለው። ሲጨርሱ እጅ መታጠብ፣ ጠረጴዛው ላይ አለመብላት። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ መሬት ላይ የወደቀችውን እስክታገኝ አትነሳ።

ሕጉን በሚመለከት፣ ለራስህ ስትሞላ የፌደራል ፈቃድ አያስፈልግህም። ለጓደኛ በገንዘብ መሸጥ ከጀመርክ ግን አምራች ሆንክ ማለት ነው፣ ዓይነት 06 የሚባለው ፈቃድ ይጠየቃል። ከኛ ሰዎች ብዙዎች የማያውቁት አለ። በፌደራል ሕግ ፕራይመር ብቻውን ራሱ "ጥይት" ተብሎ ይቆጠራል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው እንደ ፀና የአደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው መያዝ አይችልም። ግሪን ካርድ ያለውን ይህ አይመለከትም። ደግሞ "አገር ቤት ላለ አጎቴ ትንሽ ፕራይመር በሻንጣ ልላክ" የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። አይቻልም። በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም ሻንጣ ፕራይመር አውሮፕላን ላይ አይወጣም። አጎትህንም እዚያ በሕግ ታስጠይቀዋለህ።

እንግዲህ የትኛውን ግዛ ለሚለው፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መቶ በታች የምትሞላ፣ ሁለት ዓይነት ጥይት ያለህ፣ እጅህ ጤነኛ የሆነ ሰው ነህ ብዬ ከወሰድኩህ፣ የፕሬስህን ሼል ሆልደር የሚቀበለውን፣ ትሪው በር ያለውን የአርሲቢኤስ የእጅ መትከያ ግዛ። ዩኒቨርሳሉን አይደለም፣ ሼል ሆልደር የሚጠቀመውን። ሊ ይረክሳል፣ ለሱ የሚሆኑትን ሼል ሆልደሮች ስትጨምርበት ግን ልዩነቱ ይጠባል። ለ.223 ተጨማሪ 10 ቁጥር ሼል ሆልደር፣ አንድ የጉድጓድ መፋቂያ፣ አንድ መነጽር ጨምር። ሌላ ምንም አያስፈልግህም። መጀመሪያ ሃያ ቀለሃ ያለ ባሩድ ተክለህ ስሜቱን ልመድ፣ ከዚያ ሙላ።

ቤት ያሉት የተሞሉት ጥይቶችስ? ፕራይመራቸውን ደግመህ ለመጫን አትሞክር። ባሩድና አረር ያለበት ጥይት ላይ ፕራይመር አይነካም፣ በመትከያም በፕሬስም በምንም። ሁሉንም መስታወት ላይ አቁማቸው። ያልተንገዳገዱትን ለይና ወደ ተኩስ ሜዳ ውሰዳቸው፣ ከከሸፈ 30 ሰከንዱን እየቆጠርክ ለልምምድ ጨርሳቸው፣ አደን ላይ ግን አትያዛቸው። የተንገዳገዱትን አትተኩሳቸው። ፕሬስ ላይ በሚገጠም የአረር ማውጫ በዝግታ ፍታቸው፣ ባሩዱን ወደ አበባ ማሰሮህ ሳይሆን ወደ ውጭ ወስደህ አስወግድ። እንደ መዶሻ የሚመታውን ማውጫ ካለህ፣ ቀለሃውን ለመያዝ ከራሱ ጋር የመጣውን መያዣ ብቻ ተጠቀም፣ የፕሬስ ሼል ሆልደር እንዳታስገባበት።